ከአፌ የወጣ ወረርሽኝ

እኔ እንዳወራሁት ቢሆን ኖሮ ዛሬ በአሪ ደጋ ላይ ሰው ቀርቶ ዶሮ አይተርፍም ነበር። ደግነቱ ቫይረስ የእኔን ምላስ ያህል አይሮጥም።

ሥራዬ ጂንካ ውስጥ ላብራቶሪ ነው። ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ የወባ ተውሳክ ስቆጥር ጸጉሬ ሸብቷል፤ በዚህ ሁሉ ዘመን አንዲት ተውሳክ ጨምሬም ቀንሼም አላውቅም። ለዚህ እምላለሁ። ከላብራቶሪው በር ከወጣሁ በኋላ ላለው ግን አልምልም። ከዲመካ ገበያ የገዛኋትን ፍየል ሳወራ የሰማ ሰው በሬ ሊያይ ቤቴ ይመጣል። ቆላ ወርጄ ያገኘኝን ሙቀት ስተርክ የመኪናው መሪ ቀልጦ ጭኔ ላይ ይንጠባጠባል። የጂንካ ሰው ያውቀኛል፤ ይስቅና የነገርኩትን ለሁለት ይከፍላል፣ የተረፈውን ደግሞ እንደገና ለሁለት ከፍሎ ያምነኛል። ይህ ስሌት ደጋ ላይ ያለችው ገዘር ከተማ አልደረሰም ነበር። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

ነገሩ የሆነው የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ ገና መሃል ከተማ ሣር ላይ በነበረበት ዘመን ነው። አውሮፕላን ሲመጣ ላሞቹና ኳስ ተጫዋቾቹ ይባረራሉ፤ ሲነሳ ጨዋታው ካቆመበት ይቀጥላል። አንድ ቀን ከዚያ አውሮፕላን አንዲት ዶክተር ወረደች፤ በአንድ እጇ ሰማያዊ የበረዶ ሳጥን፣ በሌላው የታሰሩ የቆርቆሮ ወጥመዶች ይዛለች። አይጥ ልታጠና ነው የመጣችው። የአገሩን ሰውና መንገድ ያውቃል ተብሎ እኔ ተመደብኩላት።

የምትፈልገው ሀንታ የሚባል የቫይረስ ዘር ነው። ቤቱ አይጥ ነው፤ አይጧን ግን ምንም አያደርጋትም፤ እንደ ጥሩ ተከራይ ተስማምቶ ይኖራል። ሽንቷና ኩሷ ደርቆ አቧራ ሲሆን ያንን አቧራ የሳበ ሰው ነው ሊታመም የሚችለው። አንዳንዱ ዓይነት ኃይለኛ ትኩሳት ያመጣል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ደም እስከማፍሰስ ያደርሳል። የእኛ ደጋ አይጦች ይኑርባቸው አይኑርባቸው፣ ከሰው ጋርስ ተገናኝቶ ያውቅ እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ይህን ለማወቅ ነው አይጥ የምናጠምደው፣ ከፈቃደኛ ሰዎችም ጥቂት ደም የምንወስደው።

ከገዘር አለፍ ባለ ቀበሌ ሥራ ጀመርን። ዶክተሯ ቤቶቹን በዕጣ መረጠች፤ ለተመረጠው ቤት ወጥመድ ይቀመጣል፣ ላልተመረጠው አይቀመጥም። በማግስቱ ያልተመረጡት ተሰልፈው መጡ።

«የእኛ ጎተራ ባዶ ነው ያላችሁ ማን ነው?» አሉ አንዲት እናት፣ ሁለት እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው።

«ኧረ እማማ፣ ዕጣ ነው!»

«ዕጣ? ጎረቤቴ ቤት ሁለት ወጥመድ፣ እኔ ቤት ባዶ! ሰው ምን ይለኛል?»

ሄዱና አፉ በጨርቅ የታሰረ እንስራ ተሸክመው ተመለሱ። ውስጡ ሦስት አይጥ ከነሕይወቱ ይሯሯጣል። ዶክተሯ ጓንቷን እያጠለቀች ወደ ኋላ ስትሸሽ እኔ ሳቄን ለመያዝ ከንፈሬን ነክሼ ልበላው ነበር።

እንዲህ እየሳቅን ሳለ የገዘር ገበያ ቀን ደረሰ። ዶክተሯ መኪናው ውስጥ ናሙናዎቿን ስትመዘግብ እኔ ድንች ልገዛ ወረድኩ። ድንች ሻጯ ሴትዮ ከጋዋኔ ኪስ ጓንት ብቅ ብሎ አየችና፣

«አይጥ የምትሰበስቡት እናንተ ናችሁ? ምን ልታደርጉት ነው፣ ልትጠብሱት?» አለችኝ።

እኔም አስረዳሁ። አቧራውን፣ ሽንቱን፣ ቤት ሲጠረግ ቀድሞ ውሃ መርጨት እንደሚገባ ነገርኳት። እስከዚህ ድረስ አንድ ቃል አልተሳሳትኩም። እዚህ ላይ ብቆም ኖሮ ይህን የምጽፍበት ምክንያት አይኖርም ነበር። ግን ሰው መሰብሰብ ጀመረ። ሰው ሲሰበሰብልኝ ምላሴ ማርሽ ይቀይራል።

«አንዷ አይጥ ብታስነጥስ ሦስት ቀበሌ ይተኛል!» አልኩ።

«ውይ!» አለ ሕዝቡ።

«የታመመ ሰው የነካውን እህል ነቀዝ እንኳ አይደፍረውም! የቀመሰው ነቀዝ እዚያው በጀርባው ይገለበጣል!»

«ምልክቱስ?» ብሎ አንዱ ከኋላ ጮኸ።

«መጀመሪያ ትኩሳት ነው፤ ቀጥሎ የአፍንጫ ደም። የአፍንጫ ደም ካየህ፣ ወንድሜ፣ ጫማህን ሳታነሳ እግሬ አውጪኝ በል!»

ሳቅ ጠብቄ ነበር። የሁሉም አንገት ግን ወደ አንድ ወገን ዞረ። ከድንች ሻጯ ሁለት እርምጃ ርቀው ነጭ ሽንኩርት የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ አፍንጫቸው ላይ መሐረብ ይዘዋል፤ መሐረቡ ቀይ ነጠብጣብ አለበት። ባለፈው ወር ደግሞ በትኩሳት ተኝተው እንደነበር አገር ያውቃል፤ ከእኔ በቀር።

«ዶክተር፣ እኔን ነው?» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ በዚያ አገር ዶክተር ነው።

«አይ አባባ፣ እርስዎን አይደለም! በጠቅላላው ነው ያወራሁት።»

ዞር ስል ድንች ሻጯ ድንቿን በነጠላዋ ሰብስባ ከሽማግሌው አምስት ሰው ያህል ርቃ ተቀምጣለች። ሽንኩርቱን ከጠዋት ጀምሮ ሲያገላብጥ የነበረ ደንበኛ እጁን ሱሪው ላይ ይጠርጋል። በሽማግሌው ዙሪያ የኳስ ሜዳ የሚያህል ባዶ ቦታ ተከፈተ። በዚህ ላይ አላጋነንኩም፤ ለሁለት አትክፈሉት።

ከአምስት ቀን በኋላ ወደ ቀበሌው ስንመለስ የሽማግሌውን ደም ለመውሰድ ማሳቸው ድረስ ሄድን። ገብሳቸው ደርሷል፣ እንዲያውም አልፎበታል፤ ዘለላው አንገቱን ደፍቶ ሊረግፍ ነፋስ ይጠብቃል። በሌላው ሰው ማሳ ላይ ነዶ ተከምሯል። የእሳቸው ግን አንድ ዳር እንኳ አልተነካም። ልጆቻቸው ርቀው ነው የሚኖሩት፤ እሳቸውና ባለቤታቸው ብቻ ናቸው።

«ደቦ ጠርቼ ነበር» አሉ። «ሚስቴ ድንች ቀቀለች፣ ቃሪያውን ዳታ አድርጋ ፈጨች። ማንም አልመጣም። እኔ የሁሉንም አጭጃለሁ። አንዱ ብቻ አጥሩ ጋ ቆሞ፣ ‹የነካኸውን ገብስ ነቀዝ አይበላውም አሉ› ብሎኝ ሄደ።»

የእኔ ነቀዝ ነበር። በገዛ እጄ፣ ማለቴ በገዛ አፌ የፈጠርኩት ነቀዝ። በሕይወቴ ቀልዴ ተመልሶ ሲነገረኝ ሳቅ ያጣሁት ያን ቀን ነው። ሽማግሌው ወደ ሰማይ አዩ። ደመናው ከጎፋ ተራሮች በኩል እየወፈረ ነው። ዝናቡ በዚህ ገብስ ላይ ከወረደ ዓመቱን ሙሉ የሚበሉት እዚያው መሬት ላይ ይበቅላል።

ዶክተሯ ደሙን ቀዳች። መኪና ውስጥ ስንገባ ገበያው ላይ ያወራሁትን ሁሉ አወጣጣችኝ።

«ኢትዮጵያ ውስጥ ገና ያላገኘሁትን በሽታ አንተ በአንድ ከሰዓት አሰራጨኸው» አለችኝ።

«ዶክተር፣ ውጤቱ መቼ ይደርሳል?»

«አዲስ አበባ ሄዶ፣ ተራ ጠብቆ… ወራት ይፈጃል።»

«ገብሱ ወራት የለውም።»

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። «ለስልጠና ያመጣሁት አንድ ሳጥን ሪኤጀንት፣ የደም መመርመሪያ ፈሳሽ አለ» አለች። «ጂንካ ላይ እንሠራዋለን። አዲስ አበባም እንደገና ይመረመራል። ግን ፍሪጅ ያስፈልገኛል፤ የበረዶ ሳጥኔ ከዛሬ አያልፍም።»

ጂንካ ስንደርስ መብራት የለም። የላብራቶሪው ፍሪጅ በሩ ሲከፈት እንደ ዳቦ ቤት ሞቅ ያለ አየር ተነፈሰብን። ከተማው ውስጥ የማይጠፋ ጄኔሬተር ያለው አንድ ቦታ ነው፤ ከእኛ ብዙ የማይርቀው መጠጥ ቤት። ባለቤቷ ከደጋ አገር መጥታ በንግድ የኖረች፣ ምላሷም እጇም የማይሰንፍ ሴት ናት። ሳጥኑን ይዤ ሄድኩ።

«እትዬ፣ እስከ ነገ ጠዋት ከቢራው ጎን አስቀምጪልኝ።»

«ምንድን ነው? የአይጥ ደም እንዳይሆን አንተ ቀልማዳ!»

«ደም የለበትም። የታሸገ መድኃኒት ነው በይው። ብቻ እንዳይሞቅ! ትንሽ ሙቀት ካገኘው አገር ያልቃል!»

ይኸው ደግሞ። ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ማለት ስችል አገር ጨረስኩ። ዶክተሯ ያስጠነቀቀችኝ ሁለት ነገር ነበር፤ እንዳይሞቅ፣ በረዶም እንዳይሆን። ሁለተኛው ለወሬ አይመችም መሰለኝ፣ ከአፌ ሳይወጣ ቀረ።

በማግስቱ ጠዋት ከዶክተሯ ጋር ስንሄድ ሴትየዋ በኩራት ተቀበለችን። የቢራውን ፍሪጅ አልፋ ወደ ጓዳ ወሰደችን፤ የዲፕ ፍሪዘሩን ክዳን አነሳች። ጂንካ ላይ ለተከበረ እንግዳ የሚቀርበው ቢራ አንገቱ ላይ በረዶ የያዘው ነው፤ እሷም ለእንዲህ ያለው እንግዳ ከታች፣ ከሥጋውም በታች የምትጠብቀው አንድ ጥግ አላት። የእኛ ሳጥን እዚያ ተቀምጧል፤ በላዩ ላይ ሁለት የተከበሩ ቢራዎች ተኝተውበታል።

«ለባለሥልጣን እንኳ እዚህ አላስቀምጥም» አለች።

ዶክተሯ ሳጥኑን ከፈተች። አንዲቷን ትንሽ ጠርሙስ ወደ ብርሃን አነሳቻት። ጠርዙ ላይ ነጭ በረዶ ይዟል። ያቺ ጠርሙስ ቀለም አምጪዋ ናት፤ በሰውየው ደም ውስጥ ቫይረሱን የሚዋጋ ነገር ካለ እሱ ላይ ተለጥፋ ቀለም እንዲወጣ የምታደርገው እሷ ናት። በረዶ ከሆነች ልትሞት ትችላለች።

«ሞታለች?» አልኩ።

«አላውቅም።»

«ምን አጠፋሁ?» አለች ሴትየዋ፤ የሁለታችንን ፊት እያፈራረቀች አየች። «አገር ያልቃል ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

ዶክተሯ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወደ ቢራዎቹ ዞርኩ።

ደግነቱ እንዲህ ያለ ምርመራ የራሱን ምስክር ይዞ ይመጣል። በሳጥኑ ውስጥ በሽታው እንደያዘው ሰው ደም ቀለም ማውጣት ያለበት አንድ ጠርሙስ አለ፤ ማውጣት የሌለበት ደግሞ ሌላ ጠርሙስ። ሁለቱ ልክ ከመጡ ሪኤጀንቱ በሕይወት አለ፣ የሽማግሌውም ውጤት ይታመናል። ልክ ካልመጡ ሁሉም ይደፋል፤ ሌላ ሳጥን የለንም። ደመናው ደግሞ እየቀረበ ነው።

ሴትየዋ ነገሩ ሲገባት ጄኔሬተሯን በእጅ ጋሪ አስገፍታ ላብራቶሪው በር ድረስ ላከችልን። ጠጪዎቹ ለብ ያለ ቢራ ይዘው በአጥሩ ላይ ተደርድረው ያጉረመርማሉ። «ለአይጥ ተብሎ እኛ እንሙቅ?» ይላል አንዱ።

ፈሳሽ መቅጃዋን ፒፔት እኔ ያዝኩ። ምላሴ እንጂ እጄ አይቀልድም ብያለሁ። ፕሌት በምንለው ባለ ቀዳዳ የፕላስቲክ ሳህን ላይ ሁለት ቀዳዳ ቀለም ለሚያወጣው፣ ሁለት ለማያወጣው፣ ሁለት ለሽማግሌው። ጠበቅን፣ አጠብን፤ ቀለም አምጪዋን ጨመርን፣ ጠበቅን፣ አጠብን። በመጨረሻ ቀለም የሚሆነውን ውሃ ጨመርንና ሁለታችንም ፕሌቱ ላይ ተደፋን። ትንፋሼን የያዝኩት ግማሽ ቀን ያህል ነው። እሺ፣ አንድ ደቂቃ።

ምንም የለም። ስድስቱም ጥርት ያለ ውሃ ናቸው።

«በቃ ገደልኳት» አልኩ።

«ዝም በል፤ ቆይ» አለች።

ከዚያ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀዳዳዎች ከሥራቸው ሰማያዊ ጭስ የመሰለ ነገር አነሱ። ቀስ እያለ ወፈረ። ዶክተሯ ክርኔን ጨመቀችው። ማቆሚያው አሲድ ሲጨመር ሰማያዊው ወደ ቢጫ ዞረ፤ እንደ መስከረም አበባ ደማቅ ባይሆንም ቢጫ ነው። ማንበቢያ ማሽኑም በጄኔሬተሩ ተነስቶ መስፈርቱን አልፏል አለ። ማውጣት የሌለባቸው ሁለቱ ጠርተው ቀሩ። የሽማግሌው ሁለት ቀዳዳም እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ብለዋል።

«የለባቸውም» አለች ዶክተሯ። «ሀንታ አልነካቸውም።»

ጮቤ ረገጥኩ። አጥሩ ላይ ያሉት ጠጪዎች ምኑም ሳይገባቸው አጨበጨቡ።

እሷ ግን ግንባሯን ቋጥራለች። «ታዲያ ደሙ ከየት ነው የሚመጣው? ነገ ስትሄድ አፍንጫቸውን በባትሪ እየው።» እሷ በማግስቱ በአውሮፕላን ትመለሳለች፤ ናሙናዎቿ አይጠብቁም። ውጤቱን በወረቀት ጽፋ፣ ፈርማ ሰጠችኝ። «በአፍህ ያበላሸኸውን አንተው አስተካክለው» ብላኝ ሄደች።

በማለዳ ሚኒባስ ገዘር ወጣሁ፤ ቀሪውን በእግሬ። ሽማግሌው ውጤቱን ሲሰሙ አንገታቸውን ነቀነቁ እንጂ አልዘለሉም። በር ላይ አስቀምጬ አፍንጫቸው ውስጥ በባትሪ አየሁ። አንድ ጥቁር የሚያብለጨልጭ ነገር ወደ ውስጥ ሸሸ።

«አባባ፣ ውሃ ከየት ነው የሚጠጡት?»

«ከምንጩ። ጎንበስ ብዬ።»

አልቅት ነው! ሽታው ይጥራት ብዬ ቀዝቃዛ ውሃ በሳህን ከአፍንጫቸው ሥር ያዝኩ። ብዙ ጠበቅን። ባለቤታቸው ከኋላዬ ጎንበስ ብለው ትንፋሻቸው ጆሮዬን ያሞቀዋል። ያቺ አልቅት ውሃ ሲሸታት አንገቷን ብቅ አደረገች፤ በመቆንጠጫ ያዝኳትና ሳብኳት። ርዝመቷ ከጂንካ እስከ ካንጋተን… ይቅር፣ ጣቴን ታህላለች።

ሽማግሌው ሳህኑ ውስጥ የምትጠማዘዘውን አዩ። «በበሬ አፍንጫ ስንት ጊዜ አውጥቻለሁ!» አሉ። «በራሴ አፍንጫ እንዴት አላሰብኩም?» ትኩሳቱስ? ያን ሰሞን ፍየል ሊገዙ ቆላ ዲመካ ወርደው ነበር፤ ወባ ይዘው ተመልሰው፣ ጤና ኬላ መድኃኒት ተሰጥቷቸው፣ ድነዋል። ወባና አልቅት ተገናኝተው፣ የእኔ ምላስ ሽማግሌ ሆኖ አጋብቷቸዋል።

ዕለቱ የገበያ ቀን ስለነበር ወረቀቱንና አልቅቷን በብልቃጥ ይዤ ወደ ገዘር ሮጥኩ። ድንች ሻጯ አጠገብ ቆሜ ሁሉንም አወራሁ፤ ያለ አንዲት ጭማሪ። በሕይወቴ እንዲህ ደረቅ ወሬ አውርቼ አላውቅም።

ድንች ሻጯ አልቅቷን አየች፣ እኔን አየች። «ያን ጊዜ ነው የዋሸኸው ወይስ አሁን ነው የምትዋሸው?»

«ያን ጊዜ!»

«አሃ፤ እንግዲህ ውሸታም መሆንህን ራስህ ተናገርክ» አለች። ሕዝቡ ሳቀ። «አልቅትማ ወንዛችን ሞልቷል፤ ከየትም ታመጣለህ።» ወረቀቱን አንዱ ተቀብሎ ገልብጦ አየው፤ ማህተም የለውም ብሎ መለሰልኝ።

ደመናው ፀሐይዋን ሸፈናት። ሌላ የማደርገው አጣሁ። ወደ ሽማግሌው ቤት ተመለስኩ፤ የተፈላውን የቡና ቅጠል ከእሳቸው ቅል ተቀብዬ ጠጣሁ፤ ከጎተራቸው ሥር ተቀምጬ ድንቻቸውን በዳታ በላሁ። በማግስቱ ማጭድ ያዝኩና ገብሱ ውስጥ ገባሁ።

ማጨድ አልችልም። የመጀመሪያውን እፍኝ ስይዝ ማጭዱ ገብሱን ትቶ ሱሪዬን አጨደ። ሽማግሌውና ባለቤታቸው ስድስት ነዶ ሲያስሩ እኔ የአንዲት ዶሮ ጎጆ የምታህል አሰርኩ፤ እሷም ወዲያው ተፈታች። መንገዱ ላይ አንድ ሰው ቆመ፣ ቀጥሎ ሁለት። አጥሩ ጋ ሳቅ ተጀመረ። ያልጠበቅኩት ገበያ ተሰበሰበልኝ፤ ምላሴ ግን ደርቆ ነበር። በርከክ ብዬ ማጨዴን ቀጠልኩ።

«ኧረ እሱ ሰው ገብሱን በእግሩ እየወቃው ነው!»

«ማጭዱን ገልብጦ ይዞታል!»

ድንች ሻጯም መጣች። እኔን የተጣራች ስለመሰለኝ ቀና ስል ጣቴን ቆረጥኩ። ሽማግሌው ሮጠው መጥተው በዚያው በአፍንጫቸው መሐረብ አሰሩልኝ፤ ታጥቧል፣ ንጹሕ ነው። አጥሩ ጋ ያሉት ሳቃቸውን አቆሙ። መሐረቡን ሁሉም ያውቁታል። እኔ ደግሞ ሳላስብበት የታሰረውን ጣቴን ይዤ ከሽማግሌው ቅል የቡና ቅጠል ጠጣሁ፤ ተጠምቼ ነበር።

በመጀመሪያ አጥሩን የዘለለው ያ «ነቀዝ አይበላውም» ብሎ የሄደው ሰውዬ ነው። ማጭዱን ከእጄ ነጠቀኝ።

«ተነሣ ከዚህ! አይጡም በሽታውም የተወውን ገብስ አንተ ልትጨርሰው ነው?»

ከኋላው ሌላው፣ ከዚያ ሌላው ገባ። ከቀትር በፊት ሦስት መቶ ሰው ሆነ። ሃያ ሰባት ነበሩ፤ ቆጥሬያለሁ፣ መቁጠር ሥራዬ ነው። ዘፈኑ ተነሳ። ሴቶቹ ነዶ ተሸካሚ ሆኑ። የሽማግሌው ባለቤት ድንች የሚቀቅሉበት ድስት ጠቧቸው ከጎረቤት ሊዋሱ ሲሮጡ አየሁ፤ ጎረቤቷም ድስቱን ይዛ ራሷ መጣች። እኔ ነዶ አቀባይ ተደረግኩ፤ ማጭድ እንዳይሰጠኝ በጩኸት ተወስኗል።

የመጨረሻው ነዶ ክምሩ ላይ ወጥቶ ሣር ሲለብስ ሰማዩ ተቀደደ። ዝናቡ ጠብታ በጠብታ አልመጣም፤ ባንዴ ወረደ። ሁሉም ወደ ሽማግሌው ቤት ሮጠ፤ ያ ሁሉ ሰው ሳምንት ሙሉ በሩን የሸሸው ቤት። እኔ ከነቁስሌ፣ ከነተቀደደ ሱሪዬ መጨረሻ ደረስኩ። በሩ ላይ ጀርባ ብቻ ነው የሚታየው።

«እኔንም አስገቡኝ እንጂ!»

«ሞልቷል!» አለች ድንች ሻጯ ከውስጥ፤ አፏ በድንች ተሞልቷል። «ጎተራው ሥር እንኳ ቦታ የለም!»

ሽማግሌው ከሰው ትከሻ በላይ እጃቸውን አሻግረው አንድ ትኩስ ድንች አቀበሉኝ። ከጣራው ክዳን ሥር ጀርባዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ፣ ውሃው ጫማዬ ላይ እየወረደ፣ የሳሩን ክዳን ለብሶ የቆመውን የገብስ ክምር እያየሁ በላሁት።